ለመቋረጥ የተሠራ ጨዋታ

ሰሞኑን ጉንፋን አልጋ ላይ አስቀርቶኝ፣ ጀምሬ ሳልጨርሳቸው የተውኳቸውን ሁለት የእጅ ጌሞች አወጣሁ። ሁለቱም አርፒጂ፣ ማለትም ገጸ ባሕርይን ይዞ እየተዋጉና እያሳደጉ ታሪክ የሚከተሉባቸው ጌሞች፣ ናቸው፤ ሁለቱንም ከነካኋቸው ብዙ ወራት አልፈዋል። አንደኛው አዲስና ትልቅ ነው። ገጸ ባሕርያቱ በሰው ድምፅ ያወራሉ፣ ሙዚቃው በኦርኬስትራ የተቀዳ ነው፣ ታሪኩም ዝናውን ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላው በ2004 ለኒንቴንዶ የእጅ መሣሪያ ለጌም ቦይ አድቫንስ የወጣው ፖኬሞን ፋየርሬድ ነው፤ እሱም በ1996 ጃፓን ውስጥ የወጣው የመጀመሪያው ፖኬሞን እንደገና ተሠርቶ ነው።

በአዲሱ ጀመርኩ። ሴቭ ያደረግኩበት ቦታ ሲከፈት ጀግናዬ የአንድ ሕንፃ ደረጃ ላይ ቆሟል። ልወጣ ነበር ወይስ ልወርድ? እንጃ። ዕቃዎቼን ከፈትኩ፤ ምን እንደሚያደርጉ የማላውቃቸው ማዕድናት፣ ላባዎችና ደብዳቤዎች ገጹን ሞልተውታል። የተልዕኮ ዝርዝሩ «ሽማግሌውን አነጋግር» ይላል። የቱን ሽማግሌ? ትንሽ ተንከራትቼ ውጊያ ውስጥ ገባሁ፤ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ እየፈለግኩ ተሸነፍኩና ዘጋሁት።

ከዚያ ፋየርሬድን ከፈትኩ። ብዙም ሳይቆይ ጭራሽ ያላቋረጥኩት ይመስል ተመስጬ እጫወት ነበር።

ከተሻለኝም በኋላ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በሥዕል ቢሉ በድምፅ፣ በታሪክ ቢሉ በውጊያ ጥልቀት አዲሱ ይበልጣል። ታዲያ ያዝናናኝ ለምን ሌላው ሆነ? ትዝታ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ብዙ ሰውም እንዲህ ብሎ ያልፈዋል። ግን አይሆንም። የልጅነት ፍቅሮቼ ሆነው ሳለ ስከፍታቸው ልክ እንደዚህ አዲስ ጌም ባዳ የሚሆኑብኝ አሮጌ ጌሞች አሉኝ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ አልጋው ላይ እያለሁ ምን እንደተፈጠረ አንድ በአንድ መልሼ አየሁት።

## ጨለማውን ያስታወሰችኝ ፒካቹ

ፋየርሬድ ላይ ያቆማችሁትን ስትቀጥሉ ጌሙ ወዲያው አይለቃችሁም። መጀመሪያ፣ ከማቋረጣችሁ በፊት ካደረጋችሁት የመጨረሻዎቹን ነገሮች፣ ቢበዛ አራቱን፣ ቀለም በሌለው ሥዕል ከአጭር ጽሑፍ ጋር ያሳያችኋል፦ እዚህ ከተማ ገባችሁ፣ ይህን ሰው አሸነፋችሁ፣ ይህን ዕቃ አነሣችሁ። ከዚያ ቀለሙ ይመለስና ጨዋታው ይቀጥላል። የጥቂት ሰከንድ ነገር ነው፤ የቸኮለም በቁልፍ ሊያልፈው ይችላል። ይህን ያሰበው ባለሙያ ማን እንደሆነ ባውቅ እጁን እጨብጠው ነበር።

እኔን በትክክል የመለሰኝ ግን ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው። ቡድኔን ከፈትኩ። ስድስት ፖኬሞኖች፣ ማለትም ይዤ ለውጊያ የማሠለጥናቸው ፍጡራን። አንዷ ፒካቹ ናት፤ የመረጃ ገጿ ቪሪዲያን ጫካ ውስጥ፣ ሌቨል 5 ሳለች እንደያዝኳት ይናገራል። እዚያ ጫካ ውስጥ ፒካቹ በቀላሉ አትገኝም። ሣሩ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልኩ፣ ትል በመጣ ቁጥር እየተነጫነጭኩ የጠበቅኳት ትዝ አለኝ።

ቀጥሎ የምታውቃቸውን ስልቶች አየሁ። አንድ ፖኬሞን ከአራት በላይ ስልት መያዝ አይችልም፤ አምስተኛውን ለመማር ከአራቱ አንዱን መርሳት ግዴታው ነው። ከፒካቹ አራት ቦታዎች አንዱን የያዘው ፍላሽ ነበር። ፍላሽ ለውጊያ ይህን ያህል አይረባም፤ የጠላትን ዒላማ ያዛባል እንጂ አይጎዳውም። ፍላሽን ያስተማርኳት ሮክ ተነል ለሚባለው ዋሻ ስል ነው። እዚያ ስክሪኑ በሙሉ ይጠቁርና በተጫዋቹ ዙሪያ ያለች ጠባብ ክብ ብቻ ትታያለች፤ ዋሻውን የሚያበራው ፍላሽ ነው። ችግሩ ይህ ስልት እንደ ሌሎቹ በፈለጉት ሰዓት የሚረሳ አለመሆኑ ነው። የሚያስረሳ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይጠይቃል። ስለዚህ ዋሻውን ካለፍኩ በኋላም ፒካቹ ያንን ጨለማ እንደ ጠባሳ ይዛው ትዞራለች። እኔም ጠባሳውን አይቼ፣ ያኔ ለምን ሌላ ስልት አስረስቼ ይህን እንደመረጥኩ፣ የትኛውን አሠልጣኝ ለማሸነፍ ስል እንደተቆጨሁበት ሳይቀር ትዝ አለኝ።

ከሥሯ ያለው ጎለም የሚባለው ፖኬሞን ነው። ስሙ ኩርፊያ። ግራቭለር ወደ ጎለም የሚለወጠው ከሌላ ተጫዋች ጋር ሲለዋወጡት ብቻ ነው፤ ይህን የላከችልኝ ታናሽ እህቴ ናት። በልውውጥ የመጣ ፖኬሞን የመጀመሪያ ባለቤቱ ስም ተጽፎበት ይኖራል፣ ቅጽል ስሙም አይቀየርም። «ምነው ኩርፊያ አልሽው?» ብላት «ፊቱን አይተኸዋል?» አለችኝ። አየሁት። ልክ ናት።

ነገሩ የገባኝ እዚህ ገጽ ላይ ነው። እነዚህን ነገሮች የጻፋቸው ደራሲ የለም። ፒካቹ ጨለማውን እንድትሸከም የወሰንኩት እኔ ነኝ፣ ጎለሙን ኩርፊያ ያለችው እህቴ ናት፤ ጌሙ ያደረገው ውሳኔዎቻችንን በሚነበብ መልኩ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ወደዚያ ደረጃ ላይ ወደቆመው ጀግናዬ ስመለስ ልዩነቱ ግልጽ ሆነልኝ። የለበሰው ጥሩር እስካሁን ከተገኙት ሁሉ የተሻለው ነው፣ ችሎታዎቹ ሌቨሉ ሲደርስ በራሳቸው የመጡ ናቸው። እዚያ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው ሁሉ ይብዛም ይነስ ይኸው ጀግና ነው ያለው። ጀግናውን አይቼ ስለ ራሴ የማነበው ነገር የለም። የደራሲው ታሪክ ከአእምሮዬ ጠፍቶ ነበር፤ የእኔ ታሪክ ደግሞ መጀመሪያውኑ አልተጻፈም።

## ቦታዬን መያዝና ሐሳቤን መያዝ

የእጅ ጌም ዕጣ ፈንታው መቋረጥ ነው። ወረፋ ሲደርስ፣ ሰው ሲጠራ፣ እንቅልፍ ሲጥል፣ ባትሪ ሲያልቅ ይዘጋል። ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጠው ኮንሶል ለመጫወት ብሎ ቁጭ ያለ ሰው ነው የሚያገኘው። የእጁ ግን የሚያገኘው ሌላ ነገር እየጠበቀ ያለን ሰው ነው።

በ1986 የወጣው የመጀመሪያው ድራገን ኩዌስት፣ ጨዋታን ማቆም ራሱ ሥራ የነበረበት ጌም ነው። የጃፓኑ ቅጂ ላይ ወደ ንጉሡ ተመልሶ፣ ንጉሡ የሚሰጠውን 20 ፊደል ወረቀት ላይ ገልብጦ፣ በማግስቱ አንድም ሳያሳስቱ መልሶ ማስገባት ያስፈልግ ነበር። ቤት ለተቀመጠ ሰው ይሁን። የኒንቴንዶው ጉንፔ ዮኮይና ባልደረቦቹ የሠሩት ጌም ቦይ በ1989 ሲመጣ ግን ይህ ልማድ አብሮ ሊሄድ አልቻለም። ጌም ቦይ በአራት ትንንሽ ባትሪ ድንጋዮች የሚሠራ፣ ስክሪኑ 160 በ144 ነጥብ የሆነ፣ አራት ዓይነት ጥላ ብቻ የሚያሳይ ነበር። ባትሪው ሲደክም ቀዩ መብራት ይደበዝዛል፤ ያን ጊዜ ንጉሥ ፍለጋ የሚሄድ የለም።

በዚያው ዓመት ስኩዌር የተባለው የጃፓን ጌም ሠሪ ኩባንያ፣ በአኪቶሺ ካዋዙ መሪነት፣ ከጃፓን ውጭ ፋይናል ፋንታሲ ሌጀንድ የተባለውን አርፒጂ ለጌም ቦይ አወጣ። ከውጊያ ውጭ እስከሆኑ ድረስ የትም ቦታ ሴቭ ማድረግ ይቻላል። ብዙ ሰው ይህን ጌም የሚያነሣው ጦር መሣሪያው ተቆጥሮ ስለሚያልቅ፣ ሰይፍ እንኳ ገደብ ስላለው ነው፤ ገደቡን የሚጠሉትም ብዙ ናቸው። እኔ እወደዋለሁ። ቦርሳ ከፍቶ የቀረውን ቁጥር ያየ ሰው ጉዞው እንዴት እንደነበር ሳይነገረው ያውቃል።

በ2004 ባለ ሁለት ስክሪኑና ተጣጣፊው የእጅ መሣሪያ ኒንቴንዶ ዲኤስ ሲወጣ ክዳኑን መዝጋት ብቻ በቂ ሆነ፤ ዛሬማ የትኛውም የእጅ መሣሪያ በአንድ ቁልፍ ያንቀላፋል። ስለዚህ መቋረጥን ማሽኑ ፈታው እንላለን። የፈታው ግን ግማሹን ነው። ማሽኑ ቦታዬን ይይዝልኛል፣ ሐሳቤን ግን አይይዝልኝም። ከሳምንት በኋላ ስመለስ ጀግናዬ እግሩን እንዳነሣ ቆሞ ያገኘኛል፤ እግሩን ወዴት ሊያሳርፍ እንደነበር የሚያውቅ የለም። የሐሳቡን ነገር መፍታት የጌሙ ሠሪ ድርሻ ነው፣ ይህን ያሰቡበት ደግሞ ጥቂት ናቸው።

ካሰቡበት መሐል በ2007 ዲኤስ ላይ የወጣው ኢትሪያን ኦዲሲ ለእኔ ቀዳሚው ነው። ላይኛው ስክሪን ላይ ግራ የሚያጋባ ዋሻና ጫካ፣ ታችኛው ላይ ደግሞ ባዶ ወረቀት አለ። ግድግዳውን በስታይለስ፣ ማለትም በስክሪን ብዕር፣ የምትስሉት እናንተ ናችሁ። በሩን፣ ሳጥኑን፣ ወጥመዱን በምልክት የምታስቀምጡትም እናንተ፤ ከፈለጋችሁ ማስታወሻ ትጽፉበታላችሁ። ስትሰሙት ቤት ሥራ ይመስላል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስትከፍቱት ግን ካርታው ላይ ያለው የራሳችሁ እጅ ነው፤ ግማሹ ተስሎ የቀረ መተላለፊያ ያኔ ለምን እንደተመለሳችሁ ይነግራችኋል። እዚያ ጥግ ጉልበታችሁ አልቆ ነበር፣ ወይም ከሩቅ የሚዞር አውሬ አይታችሁ ነበር።

## እንጨት የሚፈልጥ ውጊያና የሚያስብ ውጊያ

ስለ ውጊያ ሲነሳ በተራ የሚካሄደውን የሚያናንቁ አሉ። «ቆመው ተራ ይጠባበቃሉ እንዴ?» ይላሉ። በእጅ ጌም ላይ ግን ተራ መጠበቅ ጸጋ ነው። ሰው ሲያናግረኝ ቀና ብዬ እመልሳለሁ፣ ዘንዶው ታግሶ ይቆየኛል። ዘንዶ እንዲህ ጨዋ የሚሆነው አርፒጂ ላይ ብቻ ነው።

ሁሉም ግን እኩል አይደለም። እንጨት እንደመፍለጥ፣ አንድ ቁልፍ ደጋግሞ በመጫን ብቻ የሚያልፍ ውጊያ አለ። እጅ ይሠራል፣ ሐሳብ ሌላ ቦታ ነው። የፖኬሞን ውጊያ ስልተ ቀመሩ ሲታይ ቀላል ነው፤ ውሃ እሳትን ይረታል፣ እሳት ሣርን፣ ሣር ውሃን፣ ከዚያ በላይ ያሉት ይጨመሩበታል። ዳሩ ግን አራት ስልት ብቻ ስላላችሁ እያንዳንዱ ትንሽ ውጊያ ቀድሞ ለተደረገ ምርጫ ፈተና ይሆናል። በ2003 የወጣው የማሪዮና የሉዊጂ ጌም፣ ሱፐርስታር ሳጋ፣ በሌላ መንገድ ሄደ። ኤ ቁልፍ ማሪዮን ያዘልላል፣ ቢ ደግሞ ሉዊጂን። ጠላት ሲመጣ ወደ ማን እንደሚያነጣጥር ከሁኔታው አንብቦ፣ የትኛውን አውራ ጣት እንደሚያነሡ በቅጽበት መወሰን ነው። ተራው የጠላት ቢሆንም እጃችሁ ሥራ አይፈታም። አንድ ውጊያ ቢያልቅና ብዘጋው የሆነ ነገር እንዳደረግኩ ይሰማኛል።

ጎልደን ሰን፣ በ2001 የወጣው፣ ውጊያውን እምብዛም አላስታውሰውም። የማስታውሰው ከውጊያው ውጭ ያለውን ነው። አስማቱ ዓለሙ ላይም ይሠራል፦ የማይታይ እጅ ምሰሶ ይገፋል፣ ትንሽ የውሃ ኩሬ በርዶ የበረዶ ዓምድ ይሆንና በላዩ ይዘለላል፣ ትንሽ ቡቃያ አድጎ የሚወጡበት ሐረግ ይሆናል፣ የሰው ሐሳብ ይነበባል። አንድ ክፍል፣ አንድ እንቆቅልሽ። ለአጭር ጊዜ ለሚቀመጥ ሰው ልኩ ይህ ነው፤ ተፈትቶ ያልቃል፣ ካልተፈታም ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ መሣሪያው ተዘግቶ እንኳ ጭንቅላት ውስጥ ይዞራል። በነገራችን ላይ የዚህ ጌም ሠሪዎች ስለ ተጫዋቹ ትዝታ በጣም አስበዋል፣ ምናልባትም ከልክ በላይ። በቀጣዩ ክፍል ላይ የመጀመሪያውን ቡድን ሙሉ በሙሉ ይዞ ለመቀጠል ሁለት መሣሪያ የሚያገናኝ ኬብል የሌለው ሰው 260 ፊደልና ምልክት ያለው የይለፍ ቃል መገልበጥ ነበረበት። የድራገን ኩዌስቱ ንጉሥ ይህን ቢሰማ ይቀናል።

## ስለ ግራይንድ

ግራይንድ ማድረግ፣ ማለትም ሌቨል ለመጨመር ተመሳሳይ ጠላት ደጋግሞ መምታት፣ የአርፒጂ እርግማን ነው ሲባል እሰማለሁ። አልስማማም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ብሂል ለጌም የተባለ ይመስለኛል፤ ትናንት ያሸነፈኝን ዛሬ በሁለት ምት ስጥለው ያለውን ደስታ በታሪክም በሥዕልም አላገኘውም። የሚያስጠላው ግራይንድ ያለ ፈቃዴ የመጣው ነው። መንገዴን ላልፍ ስል በየሦስት እርምጃው የሚያቆመኝ።

ብሬቭሊ ዲፎልት፣ የዲኤስ ተተኪ በሆነው በ3ዲኤስ ላይ የወጣው፣ ይህን ለተጫዋቹ ተወው። ጠላት የሚመጣበትን ብዛት በፈለጉት ሰዓት ወደ ዜሮ ማውረድ ወይም እጥፍ ማድረግ ይቻላል። ቸኩያለሁ? ዜሮ። ጆሮዬ ሌላ ነገር እየሰማ እጄ ሥራ ፈቷል? እጥፍ። ዘ ወርልድ ኤንድስ ዊዝ ዩ ደግሞ በ2007 ከዚህም የባሰ ድፍረት አሳይቷል። የራሳችሁን ሌቨል ሆን ብላችሁ ዝቅ ስታደርጉ ጠላት ጥሎት የሚሄደው ነገር የመገኘት ዕድሉ ይጨምራል። ጌሙን ዘግታችሁ በቆያችሁ ቁጥርም መሣሪያዎቻችሁ ነጥብ ያገኛሉ። መራቅን የሚክስ ጌም! መቋረጥ የእጅ ጌም ጠላት አለመሆኑ የገባቸው ሰዎች የሠሩት ነው።

ግራይንድን ጨርሶ ማጥፋት ግን ሌላ ነገር አብሮ ያጠፋል። በ2019ኞቹ ፖኬሞን ሶርድና ሺልድ ላይ ስድስቱም ፖኬሞኖች ባይዋጉም ልምድ ያገኛሉ፣ ማጥፊያም የለውም። ምቹነቱን አልክድም፤ ጊዜ ለሌለው ሰው እፎይታ ነው። ነገር ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሳይዋጋ ያደገው ፖኬሞን የመረጃ ገጹ ላይ ትልቅ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን አይቼ ግን አንድም ቀን አይታወሰኝም። ደካማዋን ፒካቹ ከፊት አሰልፌ፣ አንድ ምት እንዳስመታት በሌላ የምተካበት ያ አሰልቺ ዘዴ አሰልቺ ነበር፣ እውነት ነው። ከእሷ ጋር ያዋለኝም እሱ ነው።

## ሴቭ ሲደረግ የሚጻፍ አንድ መስመር

አሁን በእጅ መሣሪያ ላይ የሚመጡት አብዛኞቹ ለቴሌቪዥን ታስበው የተሠሩ ግዙፍ ጌሞች ናቸው። በዚህ ቅሬታ የለኝም፤ በአልጋ ላይ ሆኖ እንዲህ ያለ ዓለም ማየት ትንሽ ነገር አይደለም። የመርሳትን ነገር ግን በተልዕኮ ዝርዝር ብቻ ሊፈቱት ይሞክራሉ። ዝርዝሩ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ይነግረኛል፣ ምን ላደርግ አስቤ እንደነበር ግን አያውቅም። ከዋናው መንገድ ወጥቼ ሸለቆው ውስጥ የነበርኩት ከላይ አንድ ግንብ አይቼ ስለጓጓሁ ከሆነ፣ ግንቡ ዝርዝሩ ላይ የለም። ከሳምንት በኋላ ስመለስ ዝርዝሩ ወደ ሽማግሌው ይልከኛል፣ ግንቡም በዚያው ይቀራል።

የምመኘው ትንሽ ነገር ነው፤ ለሠሪዎቹም ከባድ አይመስለኝም። ሴቭ ሳደርግ ከሰዓቱና ከሌቨሉ አጠገብ አንድ መስመር ባዶ ቦታ ይሰጠኝና የራሴን ነገር ልጻፍበት፤ ስመለስ ከምንም በፊት እሱን ያሳየኝ። «ግንቡን እይ፣ በር በስተኋላ ሊኖር ይችላል።» በፊደል ብዛት ከሆነ የድራገን ኩዌስቱ 20 ፊደል አይበቃኝም፣ የጎልደን ሰኑ 260 ደግሞ ይበዛብኛል፤ በመካከላቸው ያለውን የቱንም ቢሰጡኝ እስማማለሁ። እስከዚያው መሣሪያው ሽፋን ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ። እህቴ አይታው «ኩርፊያን እዚህም ጻፈው» አለችኝ፤ ጽፌዋለሁ።